ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ የተነገረ ሰማይ

ቪዲዮው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ሰውዬ የሰማይ ካርታ የሚያሳይ ሶፍትዌር ይከፍትና ዘመኑን ወደ ኋላ ይነዳዋል። አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ዓመት። ፕላኔቶቹ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉ። ድንገት ያቆመዋል። «ይኸው፣ የማሃባራታ ጦርነት የተጀመረበት ቀን» ይላል። ሳተርን እዚህ፣ ጁፒተር እዚያ፣ ግርዶሹም በቦታው። ምን ልዋሽ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁት። አንዱ «የኛንም መጻሕፍት እንዲህ የሚያረጋግጥልን ሰው ቢገኝ» ብሎ መለሰልኝ።

ከዚያ የማልመክራችሁን ነገር አደረግሁ፤ ሄጄ ምዕራፉን አነበብኩት። ሳንስክሪት አልችልም፣ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ያገኘሁት ግን ቪዲዮው ከነገረኝ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ይበልጥ የሚያስፈራ፣ ይበልጥም የሚያሳዝን ነገር ነው ያገኘሁት።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ማሃባራታ በተለምዶ መቶ ሺህ ጥንድ ስንኝ አለው የሚባል፣ በ18 መጻሕፍት የተከፈለ የሕንድ ታላቅ ተረክ ነው። የአጎትና የአጎት ልጆች፣ አምስቱ ፓንዳቫዎችና መቶዎቹ ካውራቫዎች፣ በመንግሥት ይጣላሉ። ቁማር አለ፣ ስደት አለ፣ በመጨረሻም ኩሩክሼትራ በሚባል ሜዳ ለ18 ቀን ይተላለቃሉ። ፑኔ ከተማ የሚገኘው የባንዳርካር የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም የእጅ ጽሑፎቹን እያነጻጸረ መርምሮ ለማሳተም ከ1919 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ደክሞበታል። አንድ ሰው አንድ ሌሊት ተቀምጦ የጻፈው ነገር አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት እየተጨመረበት፣ እየተዘመረ፣ እየተገለበጠ የመጣ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

የምናገርለት ምዕራፍ ስድስተኛው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ነው። ጦሮቹ ተሰልፈዋል። ጠቢቡ ቪያሳ ወደ ንጉሡ ድሪታራሽትራ ይመጣል፤ የመቶዎቹ ካውራቫዎች አባት ነው። ቪያሳም ራሱ አባቱ ነው። እናም በሰማይና በምድር የታየውን ክፉ ምልክት ይዘረዝርለታል። ሳተርን ሮሂኒን እያስጨነቃት ነው። ማርስ ማጋ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጅራታም ኮከብ ወጥቷል። ጨረቃና ፀሐይ በአንድ ወር ውስጥ ተጋርደዋል፤ ጨለማዋ ጨረቃ በ14ኛው፣ በ15ኛው፣ በ16ኛው ቀን ስትውል አውቃለሁ፣ በ13ኛው ግን አይቼ አላውቅም ይላል። ላሞች አህያ ይወልዳሉ። ዛፎች ያለ ወራቸው ያብባሉ። የአማልክቱ ምስሎች ይስቃሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ደም ያስታውካሉ።

ቪዲዮው ላይ ላሞቹ አልነበሩም። ደም የሚያስታውኩት ምስሎችም የሉም። ሶፍትዌር ውስጥ ስለማይገቡ ነው እንጂ፣ ቪያሳ የሚናገረው በአንድ ትንፋሽ ነው። ለእሱ የሳተርን አካሄድና አህያ የወለደችው ላም አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ከመሃል ፕላኔቶቹን ብቻ መርጦ «ይሄኛው የዓይን ምስክርነት ነው፣ ያኛው ግጥም ነው» ማለትን ማን ፈቀደልን?

የተመረጡት ፕላኔቶች ራሳቸውስ ይስማማሉ? አይስማሙም። እዚያው ንግግር ውስጥ ጁፒተር አንዴ ሽራቫና ላይ ነው፣ አንዴ ደግሞ ከሳተርን ጋር ቪሻካ አጠገብ ዓመት ሙሉ ቆሟል። ሳተርን ራሱ ሮሂኒንም ያስጨንቃል፣ ቪሻካ ጋም አለ። የጥንት ሕንዶች ጨረቃ በየሌሊቱ የምታድርባቸውን 27 የኮከብ ማደሪያዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ሮሂኒ አራተኛዋ፣ ቪሻካ አሥራ ስድስተኛዋ ናት። ሳተርን ሰማዩን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ 13 ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። የፓንዳቫዎቹም ስደት 13 ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ አለኝ። በአንድ ጦርነት ዋዜማ ሁለቱም ቦታ መገኘት እንደማይችል ለመረዳት ሶፍትዌርም አያስፈልግ።

ውጤቱን ተመልከቱት። የአርያባታን የዘመን ስሌት የተከተሉት የካሊን ዘመን መጀመሪያ 3102 ከክርስቶስ ልደት በፊት አድርገው ጦርነቱን ከዚያ ጋር ያያይዙታል። ሴንጉፕታ 2449 አለ። ናራሃሪ አቻር በኮምፒውተር 3067 አገኘ። ቫርታክ፣ ከእሱም በኋላ ኒሌሽ ኦክ፣ 5561 አሉ። ሃስቲናፑርን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቆፈረው አርኪዮሎጂስት ላል ደግሞ ባገኘው የሸክላ ዓይነት ተመርቶ ታሪኩን ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አቀረበው። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ሰማይ፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ልዩነት። እያንዳንዳቸው ደግሞ «ጽሑፉን እንዳለ ነው የተቀበልኩት» ይላሉ። እንዳለ ከተቀበሉት ሳተርን ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱን ሳይጥሉ ቀን ማውጣት አይቻልም። የጣሉት ጥቅስ ነው ቀኑን የሚወስነው።

ንዴታቸው ግን ይገባኛል። በቅኝ ግዛት ዘመን መጻሕፍቶቻቸው «ተረት» ተብለው በአውሮፓ ሊቃውንት ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጓደኛዬ የላከልኝ መልእክትም ከዚያው ቦታ የሚመጣ ነው። እኛም ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈ መጽሐፈ ሄኖክ አለን፤ ከ72 እስከ 82 ያሉት ምዕራፎቹ ስለ ፀሐይ ደጆችና ስለ 364 ቀን ዓመት የሚናገሩ ናቸው፤ «ሳይንስ አሁን የደረሰበት» እየተባለ ፖስት ሲደረግም አይተናል። የተናቀ ሰው ማስረጃ ይፈልጋል። ብቻ ማስረጃው ሲመጣ መጽሐፉ ይጠፋል፤ በቃ፣ ቀን ብቻ ይቀራል።

ወደ ንጉሡ ልመለስ፤ ቪዲዮው ያልነገረኝ ትልቁ ነገር እዚህ ነው። ድሪታራሽትራ ዓይነ ስውር ነው። ሲወለድ ጀምሮ።

ይሄን ሁሉ የሰማይ ዝርዝር፣ ማጋን፣ ሮሂኒን፣ ጅራታሙን ኮከብ፣ ቪያሳ የሚናገረው አንድም ኮከብ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ንግግሩ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ጦርነቱን የምታይበት ዓይን ልስጥህ ይለዋል። ንጉሡ አልፈልግም ይላል፤ የዘመዶቼን እልቂት ማየት አልሻም፣ መስማት ይበቃኛል። ዓይኑ ለሠረገላ ነጂው ለሳንጃያ ይሰጣል፤ ጦርነቱን በሙሉ እኛም የምንሰማው በሳንጃያ አፍ ነው። አሁን ዝርዝሩን መልሳችሁ አንብቡት። የታዛቢ ማስታወሻ ይመስላችኋል? አባት ለማያይና ማየትም ለማይፈልግ ልጁ ሰማዩን በቃል እየሳለለት ነው። አንዱ ሥዕል ካልገባው ሌላ፣ ያ ካልገባው ሌላ። ላሞቹ የተጨመሩት ለዚህ ነው፤ ምስሎቹም እንደዚያው። ሳተርን ሁለት ቦታ መገኘቱ ለሥነ ፈለክ ሰው ስሕተት ይሆናል፤ ልጁን ለማንቃት ለሚታገል አባት ግን ስሕተት አይደለም።

ሮሂኒስ ለምን ተመረጠች? በዚሁ መጽሐፍ ሌላ ቦታ ላይ የጨረቃ ታሪክ አለ። ጨረቃ ወንድ ነው፤ የዳክሻን 27 ሴት ልጆች አግብቷል፤ ማደሪያዎቹ ማለት እነሱ ናቸው። ግን የሚያድረው ሮሂኒ ጋ ብቻ ነው። እህቶቿ ለአባታቸው ይከስሳሉ፣ አባትየው ይረግመዋል፣ ጨረቃም በሚያመነምን በሽታ ይያዛል፤ እየከሳና መልሶ እየወፈረ የሚኖረው በዚያ ነው። የሚዋጉት ዘመዳሞች ሁለቱም ወገኖች የዘር ሐረጋቸው ከጨረቃ ነው። ስለዚህ ሳተርን ሮሂኒን አስጨነቀ ሲባል፣ የቤታቸው አባት የሚወዳት ሚስት ተነካች ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነው የማነበው። ለዚያ ጆሮ ከየትኛውም ቁጥር በላይ የሚሰቀጥጥ ነበር።

ቪያሳ ዝርዝሩን ሲጨርስ ልመና ነው የሚያስከትለው። ልጆችህን ከልክላቸው፣ ትችላለህ ይለዋል። ድሪታራሽትራ ምን ይመልሳል? ይሄ አስቀድሞ የተወሰነ ይመስለኛል ይላል፤ ቢሞቱም የጀግኖችን ዓለም ይወርሳሉ። አለቀ። አባቱ እንደ ደወል የደወለለትን ሰማይ እሱ ትራስ አደረገው። ኮከቦቹ እንዲህ ካሉ እኔ ምን ላርግ?

ይቺን «እኔ ምን ላርግ» ሁላችንም እናውቃታለን።

ከዚህ ምዕራፍ በፊት፣ በአምስተኛው መጽሐፍ፣ እነዚያኑ ምልክቶች የሚያነብ ሌላ ሰው አለ። ክሪሽና ካርናን ሠረገላው ላይ አስቀምጦ ለብቻው ያነጋግረዋል። አንተ የፓንዳቫዎቹ ታላቅ ወንድም ነህ፣ ና፣ ዙፋኑ የአንተ ነው። ካርና እንቢ ይላል። ያሳደጉኝን አልክድም፣ ሰው ሁሉ ሲንቀኝ ያከበረኝን ዱርዮዳናን አልተውም። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሰማዩን ያነባል። ሳተርን ሮሂኒን ያስጨንቃል፣ ማርስ ከጄሽታ ወደ አኑራዳ እየተመለሰ ነው። (ቪያሳ ማጋ ያለው ማርስ መሆኑ ነው። ተዉት።) ሕልምም አይቻለሁ ይላል፤ ዩዲሽቲራ ሺህ ምሰሶ ያለው ቤት ሲወጣ። እናንተ ታሸንፋላችሁ፣ እኛ እንሞታለን። ካለም በኋላ ክሪሽናን አቅፎት ወደሚሞትበት ወገን ይመለሳል።

ንጉሡም ካርናም ያነበቡት አንድ ሰማይ ነው። ሁለቱም ምንም አልለወጡም። ግን ካርና ዕጣዬ ነው ብሎ አልተደበቀም፤ ምርጫዬ ነው አለ፣ ዋጋውንም ከነቁጥሩ ተናገረ። ካነበብኩ ወራት አልፈዋል፣ እስካሁን የትኛው ይበልጥ እንዳሳዘነኝ መወሰን አልቻልኩም። ካርና ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። የተሳሳተ ወገን ይዟል፣ ያውቀዋልም።

እውነተኛ ሥነ ፈለክስ የለም ወይ? አለ። ግን ቀን አዳኞቹ የማይደምቁበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ አራተኛው መጽሐፍ ውስጥ። ፓንዳቫዎቹ 12 ዓመት ጫካ፣ 13ኛውን ዓመት ደግሞ ተደብቀው መኖር አለባቸው። ከተገኙ እንደገና 12 ዓመት። አርጁና ከተደበቀበት ወጥቶ ጦር ሜዳ ላይ ይታያል። ዱርዮዳና ጊዜው አልሞላም፣ ተያዙ ይላል። ፍርዱ ለሽማግሌው ለቢሽማ ይቀርባል። ቢሽማ ምልክት አያነብም፤ ሒሳብ ነው የሚሠራው። የጨረቃ ወርና የፀሐይ ዓመት ስለማይገጥሙ በየአምስት ዓመቱ ሁለት ወር ይጨመራል፤ በ13 ዓመት ውስጥ 5 ወር ከ12 ሌሊት ትርፍ አለ፤ ስለዚህ ጊዜው ሞልቷል።

ባሕረ ሐሳብ የነካካ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። አበቅቴና መጥቅዕ የሚቆጠሩት ለዚያው ጣጣ ነው፤ ጨረቃና ፀሐይን ማስታረቅ። የቢሽማ ስልት ደግሞ ቬዳንጋ ጂዮቲሻ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ የዘመን ቀመር ላይ ያለው የአምስት ዓመት ዑደት ነው፤ 1830 ቀን፣ 62 የጨረቃ ወር። (እኔ ስሠራው 5 ወር ከ6 ቀን ነው የሚመጣልኝ፣ 12 አይደለም። ተንታኞች ይከራከሩበት።) የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት የሰማይ ንባቦች ሁሉ ሊመረመር የሚችለው፣ አገር የተንጠለጠለበት ንባብ ይሄ ነው። ፍርዱም ተሰጠ። ዱርዮዳና አልሰማም። ሒሳቡን የሠራው ቢሽማ ራሱ ደግሞ፣ ጊዜያቸው ሞልቷል ያላቸውን ሰዎች ለመውጋት አሥር ቀን የዱርዮዳናን ጦር መራ።

ግርዶሽ ነበር የሚባለውን 14ኛውን ቀን አልዘልለውም፤ ቪዲዮው ጮቤ የረገጠበት ነው። አርጁና ልጁን አቢማንዩን ላስገደለው ለጃያድራታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልገደልኩህ እሳት እገባለሁ ብሎ ይምላል። ቀኑ ይመሻል። ክሪሽና ፀሐይዋን ይሸፍናታል፣ ጃያድራታ መሸ ብሎ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ አለቀለት። የፀሐይ ግርዶሽ ነው ይላሉ። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ስትጨልም ብቻ ነው። ጥቂት ገጽ ግለጡ። በዚያው ሌሊት ውጊያው በችቦ ይቀጥላል፤ ወታደሮቹ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ አርጁና ጨረቃ እስክትወጣ ተኙ ይላቸዋል። ጠላትም ወዳጅም እዚያው ሜዳ ላይ፣ ፈረስ ላይ፣ ዝሆን አንገት ላይ ይተኛሉ። ጨረቃ ትወጣለች፣ የሌሊቱ አንድ ሦስተኛ ሲቀር ውጊያው ይጀመራል። እንዲህ አምሽታ የምትወጣ ጨረቃ ለመጨለም ገና ቀናት ይቀሯታል። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት ግርዶሽ ሊሆን አይችልም፤ ጽሑፉ ራሱ ይከለክላል።

ግርዶሹን ለማዳን ያቺን ጨረቃ መጣል ሊኖርብን ነው። አልጥላትም። ከ18ቱ ቀን መሃል ሰዎቹ ሰው የሚመስሉበት ብቸኛው ሰዓት ነው፤ ገዳይና ተገዳይ ጎን ለጎን ሲያንኮራፉ።

በሌላው ተረክ፣ በራማያና፣ ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም። ፑሽካር ባትናጋር የራማን ልደት ጥር 10 ቀን 5114 ከክርስቶስ ልደት በፊት ብሎታል። የተመሠረተው በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ባለው የልደት ሰማይ ነው፤ ያ መጽሐፍ ደግሞ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ በኋላ የተጨመረ ክፍል ነው። እዚያ ራማ የተወለደው ሸርጣን ሲወጣ ነው ይላል፤ ማሃባራታ ግን አሥራ ሁለቱን የኮከብ ምልክቶች አይጠቀምም። ምልክቶቹ ሕንድ የገቡት ከግሪኮቹ ነው፣ ከነቃላቸው፤ «ሆራ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል የግሪኮቹ «ሰዓት» ነው። ወደኛ ዐውደ ነገሥት ደግሞ በዓረብ በኩል መጡ፤ ሐመል፣ ሸርጣን፣ ሚዛን፣ ሑት እያልን የምንቆጥራቸው። የራማና የኛ ሸርጣን የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ ተረክ የምወደው ግን አባትየውን ነው። ንጉሥ ዳሻራታ ራማን ጠርቶ፣ ኮከቤን ፀሐይ፣ ማርስና ራሁ ይዘውታል፣ እንዲህ ሲሆን ንጉሥ ይሞታል ይባላል፣ ነገ ጨረቃ ፑሽያ ላይ ናት፣ ነገ ትነግሣለህ ይለዋል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ይመስለኛል፤ ወንድምህ ባራታ አገር ውስጥ ሳይኖር ብናደርገው ይሻላል። አያችሁ? ኮከቡ ፊት ለፊት፣ ፖለቲካው ከኋላ። በዚያው ሌሊት የባራታ እናት ካይኬዪ የድሮ ቃልህን ፈጽም ብላ ትይዘዋለች። በመልካሙ ሰዓት ራማ ለ14 ዓመት ይሰደዳል። ንጉሡም በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ኮከብ ቆጣሪዎቹ አልተሳሳቱም። ያመለጠው መስሎት የቸኮለው ችኮላ ነው የበላው።

ቢሽማን መጨረሻ ላይ ያስቀረሁት ሆን ብዬ አይደለም፤ ታሪኩም መጨረሻ ላይ ስለሚያቆየው ነው። በአሥረኛው ቀን በቀስት ተበሳስቶ ይወድቃል፣ ግን መሬት አይነካም፤ ቀስቶቹ ራሳቸው አልጋ ይሆኑታል። የሚሞትበትን ጊዜ የመምረጥ ስጦታ አለው። ፀሐይ ወደ ሰሜን እስክትመለስ እጠብቃለሁ ይላል፤ ዛሬ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ገደማ የሚሆነው ያ መመለሻ ነው። 58 ሌሊት። ይሄም ቁጥር ቀን አዳኞቹ ጋ ገብቷል። እኔ የማስበው ግን የተኛውን ሰውዬ ነው። ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ በሒሳቡ ያልኖረ ሰው፣ አሁን የሚያደርገው ነገር ቢኖር ፀሐይን መጠበቅ ነው። እየጠበቀም ለዩዲሽቲራ ንጉሥ እንዴት መኖር እንዳለበት ያስተምራል፤ ያ ትምህርት የማሃባራታን ረጅሙን መጽሐፍ ይሞላል። ገዳዮቹ ናቸው ከብበው የሚያዳምጡት።

ባለፈው ግንቦት መብራት የጠፋ ለታ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ወደ ሰሜን፣ ያ እንደ ጭልፋ የተሰደረው የሰባት ኮከቦች ስብስብ ከጣራዎቹ በላይ ነበር። ከጭልፋው እጀታ ጫፍ ሁለተኛው ኮከብ ቫሲሽታ ነው፣ ከጎኑ የተለጠፈችው ደብዛዛዋ ሚስቱ አሩንዳቲ። ሕንድ ውስጥ በሠርግ ቀን ለሙሽራ ትታያለች፤ የታማኝነት ምሳሌ ናት። ቪያሳ ከምልክቶቹ መሃል፣ አሩንዳቲ ባሏን ከኋላዋ አስቀርታ ቀደመችው ይላል፤ የ5561 ቀን ትልቁ ምሰሶ ይቺ ስንኝ ናት። ዓይኔን አጥብቤ ብዙ ቆየሁ። ሁለት መሆናቸው ታየኝ። ማን እንደቀደመ ግን ሳላይ፣ ጎረቤት ጄኔሬተር አስነሳ፣ የውጭ መብራቱም በራ።